የማን ራስ ነው ፊልም የሚሠራለት?

ባለፈው የውይይት ምሽት «አፖካሊፕቶ» ስለተባለው ፊልም የተነሣው ክርክር ሳይቋጭ ስለተበተንን፣ በበኩላችን የምንለው በዚህ ገጽ እንዲወጣልን የዝግጅት ክፍሉን ጠይቀናል። ፊልሙ በሜል ጊብሰን አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ነው። ብዙዎቻችን ያየነው ጦርነቱ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ከመፈንዳቱ በፊት፣ ካላክላ በጋራ በተከራየነው ሆሽ ውስጥ ነበር። ያኔም ተከራክረናል። ያኔ ግን ክርክሩ ስለ ፊልም ብቻ ነበር።

አሁን አንዳንድ ወንድሞቻችን የሚሉት ሌላ ነው። «ማያዎቹ እኛ ነን» ይላሉ። «እርስ በርሱ የሚተራረድ ሕዝብ ባዕድ ሲመጣበት ምን ያለቅሳል? የእኛም አገር ያለቀላት በገዛ ልጆቿ ነው» ይላሉ። ይህ አነጋገር እውነትን መድፈር መስሎ ይታያል። እኛ ግን አነጋገሩ የእነርሱ አይደለም፣ ከፊልሙ የተቀዳ ነው እንላለን።

ፊልሙ የሚከፈተው ዊል ዱራንት ከተባለው አሜሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ በተወሰደ ዓረፍተ ነገር ነው። ሐሳቡም ተሸናፊው አስቀድሞ ራሱን ከውስጥ አፍርሷል የሚል ነው። ሰውየው ይህን የጻፈው ስለ ሮም ነበር። ፊልሙ ከሮም ነቅሎ ማያ ላይ ተከለው። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ደም ነው፤ መንደር ይቃጠላል፣ ምርኮኛ ይነዳል፣ ከፒራሚድ አናት ላይ የሰው ልብ ይወጣል፣ ራስ በደረጃው ይንከባለላል። በመጨረሻ የስፔን መርከቦች ከባሕሩ ዳር ይታያሉ፤ ፊልሙም እዚያው አካባቢ ያልቃል። ታዲያ ይህ በአጋጣሚ የሆነ ነውን?

ማያዎች ሰው ይሠዉ ነበር፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን በደቡቡ ቆላ የነበሩት ታላላቅ የድንጋይ ከተሞቻቸው የተፈቱት በ9ኛው መቶ ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ስፔኖች የመጡት በ16ኛው ነው። ፊልሙ ይህን ሁሉ ዘመን አጥፎ፣ ከአዝቴኮችም የጅምላ መሥዋዕት ተበድሮ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጨመረው። የመጨረሻው የማያ መንግሥት የወደቀው እ.ኤ.አ. በ1697 መሆኑን፣ ማለትም ከ150 ዓመት በላይ ተዋግቶ መሆኑን ተመልካቹ አይሰማም። እ.ኤ.አ. በ1562 ማኒ በተባለች ከተማ መጻሕፍታቸውን ያቃጠለው ዲዬጎ ዴ ላንዳ የተባለ የስፔን መነኩሴ መሆኑንም አይሰማም።

አንድ የሚያስቅ ነገር እናንሣ። በፊልሙ ፀሐይ ትጨልማለች፣ ሕዝቡ ይንቀጠቀጣል፤ በሚከተለው ሌሊት ደግሞ ሙሉ ጨረቃ ትወጣለች። ባሕረ ሐሳብ የሚቆጥር የአገራችን ደብተራ ቢያይ ምን ይል ነበር? ፀሐይ የምትጨልመው በጨረቃ መባቻ ነው። ማያዎችስ ግርዶሽን አስቀድመው የሚያሰሉበት ሰንጠረዥ ነበራቸው፤ መጽሐፉ ዛሬ ጀርመን አገር ድሬስደን ይገኛል።

ፊልሙ ተዋንያኑን በዩካቴክ ማያ ቋንቋ ማናገሩ የሚያስመሰግነው ነው፤ ምስጋናውን አንነፍገውም። ግን በቋንቋቸው ምን አስባላቸው? የዛሬዎቹ ማያዎች በሚልዮን የሚቆጠሩ ሕያዋን ናቸው። በጓቴማላ ጦርነት ከ200 ሺህ በላይ ሰው እንደሞተና እንደጠፋ፣ ማንነታቸው ከታወቀው ሰለባዎች ውስጥ 83 በመቶው ማያዎች እንደነበሩ የአገሪቱ የእውነት አጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1999 አስታውቋል። ከዚያ እልቂት ያመለጡት ከ40 ሺህ በላይ ማያዎች በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሜክሲኮ ገብተው በካምፕ ሰፈሩ። የእኛ ሰዎች ምሥራቅ ሱዳንን በሞሉበት ዘመን መሆኑ ነው! «ማያዎቹ እኛ ነን» ከተባለ እንግዲህ በዚህ በኩል ይባል።

ሩቅ አገር ምን አደከመን? ካላክላ ከካርቱም በስተደቡብ፣ ነጭ ዓባይ ዳር ያለች ናት። በ1877 ዓ.ም. ጥር የማሕዲው ጦር ካርቱምን ሰብሮ የገባው በዚያው በደቡቡ በኩል፣ ወንዙ ጎድሎ ምሽጉ በተጋለጠበት ዳርቻ ነበር። ስለዚህ «ካርቱም» የሚባል የእንግሊዝ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1966 ወጥቷል። ጎርደንን ቻርልተን ሄስተን፣ ማሕዲውን ሎረንስ ኦሊቪየር ፊቱን በጥቁር ቀለም ተቀብቶ ይጫወታሉ። ሁለቱ ሰዎች በሕይወታቸው ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም፤ በፊልሙ ግን ሁለት ጊዜ ተገናኝተው ይነጋገራሉ። የተቀረጸውም ግብፅ ነው፤ ሱዳኖች ያመፁት በማን አገዛዝ ላይ እንደነበረ ለሚያስታውስ ይህም ራሱ ቀልድ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ የጎርደን ራስ በረጅም እንጨት ተሰክቶ ይዞራል፤ ተመልካቹም ያዝናል።

እኛ ግን ወደ ኦምዱርማን የተወሰደ ሌላ ራስ እናውቃለን። አፄ ዮሐንስ መጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ቆስለው ሞቱ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ኦምዱርማን ለሕዝብ ታየ። ሦስተኛም አለ። እ.ኤ.አ. መስከረም 1898 ኪችነር በከረሪ ሜዳ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ሱዳናውያንን በመትረየስና በመድፍ ከፈጀ በኋላ የማሕዲውን መቃብር አስፈረሰ፤ አጥንቱን ዓባይ ውስጥ አስጣለ፤ የራስ ቅሉን ለራሱ አስቀረ። እንግሊዝ አገር ጉድ ሲባል ጊዜ ቅሉ ወዲ ሐልፋ ተቀበረ። ከሦስቱ ራሶች ፊልሙ የመረጠው የትኛውን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

«ድርቡሽ ጎንደርን ያቃጠለ፣ ካህን ያረደ ነው፤ ለእርሱ ጥብቅና ትቆማላችሁን?» የሚሉን እንዳሉ እናውቃለን። አዎ፣ ጥር 1880 ዓ.ም. ጎንደር ተቃጥላለች፤ ሐዘኑ አሁንም በአገሩ አለ። ግን ታሪኩን ሙሉውን እናንሣ። በ1876 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በተፈረመው ውል መሠረት በማሕዲው ጦር የተከበበውን የግብፅ ጦር በእኛ ምድር ለማሳለፍ የተስማማነው እኛ ነን፤ ራስ አሉላም መስከረም 1878 ዓ.ም. ኩፊት ላይ ድርቡሽን ፈጅተዋል። ውሉን ያስፈረመችው እንግሊዝ ናት። እርሷ ወታደሯን ሳትልክ ሁለቱ ጎረቤቶች ተላለቁ። አፄ ዮሐንስም ከመተማ ጥቂት ወራት በፊት ለድርቡሹ አዝማች ጽፈው፣ እርስ በርስ ከምንጫረስ በአውሮጳውያኑ ላይ እንተባበር ብለው ነበር፤ ሳይሳካ ቀረ። ይህ ደብዳቤ ራሱ ፊልም የሚወጣው ነበር። ማን ይሥራው?

ስለ ቀይ ሽብርም ተነሥቷል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የልጆቻችን ሬሳ አስፋልት ላይ መዋሉን ማንም እንዲደብቅ አንፈልግም። ግን «ደርግ ገደለ» ማለትና «ሐበሻ ተራራጅ ነው» ማለት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ገዳዩን በስሙ ይጠራል፤ ሁለተኛው ገዳዩን ከሟች ጋር ቀላቅሎ ነጻ ያወጣዋል። ወንድሞቻችን ሁለተኛውን ለውጭ ሰው በኩራት ሲያወሩ መስማታችን ነው ብዕር ያስነሣን።

ስለ ካርቱሙ የ2015 ጦርነትም ነገ ፊልም መሠራቱ አይቀርም። ካላክላ ውስጥ ውኃ ያካፈሉን ጎረቤቶች በዚያ ፊልም ውስጥ ምን ሆነው እንደሚታዩ ከወዲሁ እንገምታለን፤ ስደተኛው ሐበሻም ከነጭራሹ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በዚያ ሰፈር የነበራችሁ ሁሉ፣ በየትኛው ቀን ማን በር እንደከፈተላችሁ፣ ማን እንደዘረፋችሁ፣ በየትኛው መንገድ እንደወጣችሁ ጽፋችሁ አምጡልን። መጻፍ የማይሆንላችሁም ንገሩን፤ እንጽፍላችኋለን። የሚቀጥለው እትም ሁለት ገጽ ለዚሁ ተይዟል።