ምንባቡ ተዘሎ መልሱ ሲገኝ



ለማስተማር ልምምድ 8ኛ ክፍል በገባሁ ጊዜ ያየሁትን ላንሳ። ሰኔ ሲቃረብ መጽሐፉ ይከደንና ያለፉ ዓመታት የሚኒስትሪ ወረቀት ይወጣል። ተማሪው ምንባቡን ዘሎ ወደ ጥያቄው ይሮጣል። ከጥያቄው አንዲት ቃል ይዞ ምንባቡ ውስጥ ያችኑ ያድናል፤ ካጠገቧ ያለውን የሚመስለውን ምርጫ ይከብባል። አንዱን ልጅ «ጎበዝ፣ ልክ ነህ፤ ለመሆኑ ምንባቡ ስለ ምንድን ነው?» ብለው ዝም አለኝ።

ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ዘዴውን ያስተማርነው እኛው ነን፤ እኔም ሳምንት ሙሉ እንዲሁ አድርጌአለሁ።

«ካላለፈ ንባቡ ምን ይረባዋል?» የሚሉ አሉ። የፈተናውን መልክ ማሳየትስ ተገቢ ነው፤ ለዚህ ግን የመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀናት ይበቃሉ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩትም እኮ ሚኒስትሪን ያለፉ ልጆች ናቸው!

ታዲያ ምን ይደረግ? ከመስከረም ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ ምንባብ በደንብ ይነበብ። ተማሪው መጽሐፉን ዘግቶ በራሱ አፍ ይተርከው። ቀጥሎ ጥያቄውን ራሱ ያውጣ፤ አንድ ትክክለኛና ሦስት አሳሳች መልስ ያዘጋጅለት። አሳሳች መልስ ማውጣት የለመደ ልጅ በአሳሳች መልስ በቀላሉ አይታለልም። ይህ ደግሞ ከጠመኔና ከጥቁር ሰሌዳ ሌላ ወጪ አይጠይቅም።

ነገ ክፍል የምንረከበው እኛ ነን። እናንተስ ምን ትላላችሁ? እስቲ በሚቀጥለው እትም እንወያይበት።