ሣሩ የማን ነበር?

«ቅኝ አልተገዛንም» እያልን ደረታችንን እንነፋለን። ይሁን! ግን የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 130፣ በሰው ስም ያልተያዘውን ግጦሽ ሁሉ የመንግሥት ሲያደርግ፣ እንግሊዝ በ1915 (እ.ኤ.አ.) ኬንያ ውስጥ ካወጣው የዘውድ መሬት ሕግ በምን ተሻለ? ያኔ በወሎ ሥር የነበረው አፋር ሣሩን በጎሣ እንጂ በወረቀት አልያዘም። ስለዚህ ባለቤት እንደሌለው ተቆጠረና ተንዳሆ ለእንግሊዙ ሚቼል ኮትስ ጥጥ ዋለ፤ በአዋሽ ዳር የበጋው ግጦሽ ጠበበ። በ1965 ዝናብ ሲጠፋ ከብቱ የት ይሂድ? አለቀ፤ ሰውም ተከተለው። ጥፋቱን ሁሉ ለሰማይ ሰጡት! የ1967ቱ አዋጅ ኩባንያውን ነቀለ፤ እርሻው ግን የመንግሥት ሆኖ ቀረ፤ ኋላም በጥጡ ቦታ ሸንኮራ መጣ። ጌታው ተለወጠ እንጂ ሣሩ አልተመለሰም። እንግዲህ ሰኞ ገበያ ላይ በፍየል ዋጋ የምንከራከር ተማሪዎች፣ «ስንት ነው?» ብቻ አንበል፤ «ሣሩስ የማን ነበር?» እንበል።