መኪና ከማወደስ በፊት

ክቡር አዘጋጅ፤

ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠጣ የቤት አውቶሞቢል ከውጭ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ፣ በእነዋሪ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ለሻይ ስንቀመጥ ክርክሩ ሁሉ ስለ መኪና ሆኖአል። አንዱ የድሮውን ቶዮታ ያነሣል፤ ሌላው የቻይናውን ቢ.ዋይ.ዲ. ያወድሳል፤ ሦስተኛው «ፎልክስዋገን አይዲ ፎርን የሚያህል የለም» ይላል።

እኔ እንደሚመስለኝ ግን መኪና ስም የሚያወጣው በፋብሪካው ብቻ ሳይሆን በጋራዡም ነው። የቀድሞው ቮልስ የተወደደው ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ውሃ የማይሻ፣ መካኒኩም አብጠርጥሮ የሚያውቀው ስለ ነበረ ነው። ዛሬ ከሚገቡት አይዲ ፎሮች ብዙዎቹ ግን ለቻይና ገበያ የተሠሩ፣ ጽሑፋቸውም ቻይንኛ ነው።

አሳቡን አልቃወምም። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ኤሌክትሪኩ ግን የራሳችን ነው፤ የሕዳሴው ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ነገር ግን ብርድና ዳገት ባትሪን ቶሎ ይጨርሳሉ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ብርዳሟ ደብረ ብርሃን የደረሰ ሰው፣ ወደ እነዋሪ ከመዝለቁ በፊት የት ይሞላል? ቢበላሽበትስ ማን ፈትቶ ይገጥምለታል?

ስለዚህ የሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች የመሙያ ጣቢያውና የመካኒክ ትምህርቱ ወደ አውራጃ ከተሞችም እንዲደርስ ቢያስቡበት፣ የሻይ ቤቱ ክርክራችን ያን ጊዜ መልስ ያገኛል።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከእነዋሪ