ሥራው ይሰጥ፣ እውቀቱ ግን እዚሁ ይቅር!

ወገን፣ ዛሬ ስለ አውትሶርስ እናውራ። ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ድርጅት የቴክኖሎጂ ሥራውን በራሱ ሰው ከማሠራት ይልቅ በኮንትራት ለሌላ ድርጅት ይሰጣል። ሶፍትዌር ማሠራት በሉት፣ ሰርቨር ማስተዳደር በሉት፣ የደንበኛ ስልክ መቀበል በሉት፣ ሁሉም ይሰጣል።

እኔ የአይቲ ምሩቅ ነኝ፤ ሥራ የለኝም። ስለዚህ "ይቁም!" እንድል ትጠብቁ ይሆናል። አልልም። ለስድስት ወር ብቻ የሚፈለግን ባለሙያ በቋሚነት መቅጠር አያዋጣም። ሌላ ቦታ ተፈትኖ የሠራ ሲስተም መግዛትም ከዜሮ ከመጀመር ይፈጥናል። ኮዳክን የሚያህል ኩባንያ እንኳ እ.ኤ.አ በ1989 የኮምፒውተር ማዕከሎቹን ለአይቢኤም አስረክቧል፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎች ተከትለውታል። ጥያቄው ታዲያ "ለምን ተሰጠ?" አይደለም፤ "እንዴት ተሰጠ?" ነው።

እኛ አገር ትልቁ ምሳሌ ቴሌ ነው። በ2006 ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተፈረመ። በ2010 መጨረሻ ማኔጅመንቱ ለፍራንስ ቴሌኮም ተሰጠ። በ2013 ሁዋዌና ዜድቲኢ የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ማስፋፊያ ተካፈሉ። ኔትወርኩ ሰፍቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን በ2021 ቴሌብር ሲጀመርም ሲስተሙ የመጣው ከሁዋዌ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ከፍለን የራሳችንን ለመሥራት ምን ያህል ተጠጋን?

ተማሪ ሆኜ አፓረንት የወጣሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ሲስተሙ ሲቆም የአይቲ ክፍሉ ሥራ ውጭ ላለው ድርጅት ኢሜይል ልኮ መጠበቅ ነበር። ባለጉዳዩ ወረፋ ላይ ቆሟል፤ እኛም ቆመናል። መልሱ በማግስቱ ይመጣል። ክፍሉ ውስጥ ጎበዝ ጎበዝ ልጆች ነበሩ እኮ! ግን ሶርስ ኮዱን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ኮንትራቱ አይፈቅድማ።

አሁን ህንዶችን እዩ። ኢንፎሲስን በ1981 ሰባት መሐንዲሶች በ250 ዶላር ጀመሩት። ሥራቸው የሌላ አገር ኩባንያዎችን ሥራ ተቀብሎ መሥራት ነበር። አሰልቺም ቢሆን ተማሩበት። ከመሥራቾቹ አንዱ ናንዳን ኒሌካኒ በ2009 የህንድን ዲጂታል መታወቂያ፣ አድሃርን፣ እንዲመራ ተሾመ። የእኛ ፋይዳ የቆመበት ሞሲፕ የተባለው ሶፍትዌርም የተወለደው እዚያው ህንድ፣ ቤንጋሉሩ ነው። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ ሞሲፕ ኮዱ ክፍት ነው። ከውጭ ቢመጣም የእኛ ልጅ ከፍቶ ሊያነበው፣ ሊያስተካክለው ይችላል። ከውጭ መውሰድ ማለት የግድ ጥገኛ መሆን አይደለም።

ስለዚህ ጥያቄያችን ግልጽ ነው፦

1. ኮንትራት ሲፈረም ሶርስ ኮዱና ሙሉ ሰነዱ በማን እጅ እንደሚሆን ይጻፍ። ሻጩ ቢከስር ወይም ቢያኮርፍ ምን ልንሆን ነው?

2. የአገር ልጅ ከውጭ ባለሙያው ጎን ቁጭ ብሎ ይሥራ። በስንተኛው ወር ምን እንደሚረከብ በቀን ይቀመጥ። "ሥልጠና ይሰጣል" የምትል አንድ መስመር አትበቃም።

3. የሕዝብ መረጃ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው ይታወቅ።

4. ጥገናና ትናንሽ ሥራዎች ለአገር ውስጥ ጀማሪ ድርጅቶች ይሰጡ። ሁሉም "አምስት ዓመት ልምድ" ካለ ልምዱ ከየት ይምጣ?

ለእኛም አንድ ነገር ልበል። አራት ኪሎ ቦርድ ስር ቆመን "ዜሮ ዓመት" የሚል ማስታወቂያ ስንፈልግ ብቻ አንዋል። ክፍት የሆነውን ኮድ ከፍተን እናንብብ፣ እንሞክር። በሩ ሲከፈት ባዶ እጃችንን እንዳንገኝ።

በሰው ወርቅ አይደምቁ ይላል የአገራችን ሰው። መዋስ ግድ ከሆነ እንኳ ከአንጥረኛው አጠገብ ቁጭ ብለን አሠራሩን እንማር። ያኔ የሚቀጥለውን እኛው እንሠራዋለን።