‹‹መኪናው እንዴት ነው?›› ስንል እውነቱን ማን ይንገረን?

በዙሪክም ሆነ በጄኔቭ፣ ክርስትናም ይሁን ሠርግ፣ ሐበሻ በተሰበሰበበት ቦታ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የማይቀር ጨዋታ አለ፤ የኤሌክትሪክ መኪና። አንዱ ለአባቱ ገዝቷል። ሌላዋ ከወንድሟ ጋር አዋጥታ ለታክሲ የሚሆን ልትገዛ ነው። ሦስተኛው ‹‹የትኛው ይሻላል?›› እያለ ይጠይቃል። መልስ የሚሰጠው ሰው ሞልቷል። የሚገርመው ግን ከመላሾቹ ውስጥ ያንን መኪና አዲስ አበባ ላይ አንድም ቀን የነዳ የለም። የምናወራው ስለ ስሙ፣ ስለ ዋጋውና አንዴ ቻርጅ ተደርጎ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ነው። መኪናው ሁለት ክረምት ካለፈበት በኋላ ምን እንደሚመስል የሚያውቁት እዚያ ያሉት ናቸው። እነሱ ደግሞ አይነግሩንም።

ለምን? ይሉኝታ ነዋ! ልጅ በሰው አገር ለፍቶ የላከውን ‹‹ተበላሽቷል›› ማለት ለወላጅ ከባድ ነው። አንድ ጓደኛዬ ለእናቱ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ፣ በደወለ ቁጥር ‹‹መኪናው እንዴት ነው?›› ይላል። እሳቸውም ‹‹ደህና ነው ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ›› ይሉታል። ለፋሲካ ሲሄድ መኪናው ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ፣ ጎማው ተንፍሶ ቆሟል። ከቆመ አምስት ወሩ ነው። የጎደለው አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ ከግድግዳ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለባትሪው በሚስማማ መልኩ የሚለውጠው። ሻጩ ‹‹ታዟል፣ በመንገድ ላይ ነው›› ይላል። እናትየዋ ቤተክርስቲያን የሚሄዱት በሚኒባስ ተጋፍተው ነው። ጓደኛዬ በእነዚያ አምስት ወራት እዚህ ኦርሊኮን ምሳ አብረን ስንበላ ያንኑ መኪና ቢያንስ ለሦስት ሰው ‹‹አሪፍ ነው፣ ግዙ›› ብሏል። አልዋሸም። የተነገረውን ነው የተናገረው።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። በእኛ ሙያ ተጠቃሚው ችግር ሲያጋጥመው ያሳውቃል፣ ሠሪው ያርማል። ቅሬታ አልመጣም ማለት ፕሮግራሙ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ ቅሬታ የሚመጣበት መንገድ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። የእኛና የአገር ቤት መኪና ነገር እንደዚህ ነው። የሚከፍለው እዚህ ነው፣ የሚነዳው እዚያ ነው፣ በመሀል ይሉኝታ ቆሟል። ስለዚህ የመጥፎ አስመጪ ስም አይነሳም፣ የጥሩውም አይመሰገንም። መጥፎ መኪና የሚደጋገመው አምራቹ ስለሰነፈ ብቻ ሳይሆን እኛ የምንከፍለው ሰዎች እውነቱን ስለማንሰማ ጭምር ነው። ይህ በእኛ እጅ ያለ ነገር ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) የኤሌክትሪክ ካልሆነ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ካሳወቁ ወዲህ፣ ለቤተሰቡ አዲስ መኪና መግዛት የሚፈልግ ሰው ምርጫው አንድ ሆኗል። ከዚያ በፊትም መንግሥት ቀረጡን ዝቅ አድርጎት ነበር፤ ተገጣጥሞ ለሚገባ 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚመጣ 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ መጥቶ እዚያው ለሚገጣጠም ዜሮ። ምክንያቱም ይገባኛል። ነዳጅ በዶላር ይገዛል፣ ኤሌክትሪኩ ግን ከራሳችን ውኃ ይመነጫል። እኔ የፖሊሲው ተቃዋሚ አይደለሁም። ጥያቄዬ መኪናው ከገባ በኋላ ስላለው ነው።

ከውጭ ሆነን ስናየው የሚያሳስተን አንዱ ነገር ስሙ ነው። እዚህ ዙሪክ መንገድ ላይ የምናየው ታዋቂ ስም አዲስ አበባ ባለው መኪና ላይም ተለጥፏል። ግን ያው መኪና ላይሆን ይችላል። ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ስክሪኑ በቻይንኛ ያወራል። የሶፍትዌር ማሻሻያው የሚመጣው ቻይና ካለ ሰርቨር ነው። የፈጣን ቻርጅ መሰኪያው ጂቢ/ቲ የሚባለው የቻይናው ነው፤ አውሮፓ የምንጠቀመው ደግሞ ሲሲኤስ ነው፣ አንዱ ሌላው ውስጥ አይገባም። መኪናው ሲታመም መካኒኩ ኮምፒውተር ሰክቶ ማንበብ አለበት፤ ብዙ ጊዜ ያ ኮምፒውተር የአምራቹን ፈቃድና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ዋስትናውም እንደዚሁ አገር አለው። ‹‹ባትሪው የ8 ዓመት ዋስትና አለው›› ሲባል የት አገር ለተሸጠው መኪና እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው።

ኦርሊኮን ራሱ ይህን ታሪክ ከሰባ ዓመት በፊት አይቶታል። ሰፈሩ ዛሬ የቢሮ ሠራተኛ የሞላበት ቢሆንም ያኔ የሚታወቀው በፋብሪካ ነበር። ማሽን ፋብሪካ ኦርሊኮን ጃይሮባስ የሚባል የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ሠራ። ባትሪ አልነበረውም። ሆዱ ውስጥ አንድ ተኩል ቶን የሚመዝን ክብ ብረት በደቂቃ እስከ 3,000 ጊዜ ይሽከረከራል፤ ፌርማታ ላይ ኤሌክትሪክ ወስዶ ይፈጥናል፣ ከዚያ ጉልበቱን ለሞተሩ እየመለሰ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ኢቨርዶን በምትባለው የስዊስ ከተማ ከ1953 እስከ 1960 (እ.ኤ.አ.) ሰው አመላልሷል። አሥራ ሁለት ያህል አውቶቡሶች ደግሞ ወደ ቤልጂየም ኮንጎ ዋና ከተማ ሊዮፖልድቪል፣ ወደ ዛሬዋ ኪንሻሳ፣ ተላኩ።

እዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሾፌሮቹ ባልተነጠፈ መንገድ ያቋርጡ ነበር፤ ዝናብ ሲጥል መንገዱ ጭቃ ነው። ኩሽኔታው ተሰበረ። እርጥበቱ ሞተሩን አስቸገረው። በኪሎ ሜትር 3.4 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ መብላቱም ለድርጅቱ አልተቻለም። በ1959 (እ.ኤ.አ.) ሁሉም ቆሙና በናፍጣ አውቶቡስ ተተኩ። ሠሪው ያው ፋብሪካ ነው፣ ሐሳቡም ያው ነው። የተለየው መንገዱ፣ አየሩና የመብራት ሒሳቡ ነው። እኛ ሶፍትዌር ሠራተኞች ‹‹እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል እኮ›› የሚል ቀልድ አለን። ጃይሮባሱም ኢቨርዶን ላይ ይሠራል ነበር።

እንግዲህ የመኪና ጥራት ግማሹ ፋብሪካ ውስጥ፣ ግማሹ ደግሞ መኪናው የሚኖርበት አገር ውስጥ ነው። አባቶቻችን ይህን ያለ ዲግሪ ያውቁታል። ኮሮላ ዲኤክስ አዲስ አበባ ላይ ለዘመናት የተወደደው በዓለም አንደኛ መኪና ስለሆነ አይደለም። ዕቃው ሱማሌ ተራ ስለሚገኝና የሰፈሩ መካኒክ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚፈታው ነው። ሰማያዊና ነጩ ላዳም እንደዚያው ነው። በተቃራኒው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር አስቡት። 41 ባቡሮች ይዞ ተነሳ፤ ከዓመታት በኋላ አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። አዲስ ነበሩ፤ ግን ሱማሌ ተራ አልነበራቸውም።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ ነው የሚል ካለ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቹን ይጠይቅ። እዚያ በፒክአፕ ላይ ተጭኖ የሚጎተት፣ አልጋና ወጥ ቤት ያለው ትልቅ ተሳቢ ቤት አለ። በብዙ ሺህ ዶላር ገዝተውት ጣሪያው ያፈሳል፣ ፍሪጁ ይቆማል። ሻጩ ‹‹አምራቹን ጠይቁ›› ይላል፣ አምራቹ ‹‹የፍሪጁ ዋስትና የፍሪጅ ፋብሪካው ነው›› ይላል። የተበላሸ አዲስ መኪናን የሚያስመልሰው ሕግም በብዙ ግዛቶች መኖሪያ ክፍሉን አይሸፍንም። ሆኖም ባለቤቶቹ አንድ ነገር ለምደዋል፤ ዝም አይሉም። የቱ ሞዴል፣ በስንት ወሩ፣ ምኑ እንደተበላሸ ለሚቀጥለው ገዢ በግልጽ ይናገራሉ። ከመረከባቸው በፊትም ገለልተኛ ባለሙያ ከፍለው የሚያስመረምሩ አሉ። እኛ የጎደለን ይኸው ነው።

በሕግ በኩል ያለውን ልዩነትም እንወቀው። ስዊዘርላንድ ውስጥ አዲስ ዕቃ ከነጋዴ ገዝተን ጉድለት ቢገኝበት ሕጉ ሁለት ዓመት ይሰጠናል። ኢትዮጵያ ውስጥ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቂያ ጊዜውን 15 ቀን ያደርገዋል፤ የተሻለ ዋስትና በውል ካለ ግን እሱ ይሠራል። 15 ቀን! እናት ለልጃቸው ‹‹እንዲህ ሆነ›› ለማለት ድፍረት ሳያገኙ ያልፋል። ስለዚህ ዋናው መከላከያችን ከግዢው በፊት በጽሑፍ የምንይዘው ውል ነው።

‹‹አንተ ዙሪክ ባቡር እየጋለብክ እዚያ ያለውን ሰው ታስፈራራለህ›› የሚል ይኖራል። የኤሌክትሪክ መኪና ዘይት አይቀየርለትም፣ የሚንቀሳቀስ ዕቃው ጥቂት ነው፣ የነዳጅ ሰልፍ አይጠብቅም። እውነት ነው። ደስ ብሎት የሚነዳ ብዙ ሰው አለ። እኔ የምለው አትግዙ አይደለም። መኪናውን ብቻ ሳይሆን ጥገናውንም አብራችሁ ግዙ ነው።

ስለዚህ ፍራንኩን ከመላካችን በፊት ጥቂት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ መኪናው ለየትኛው ገበያ ተሠራ? ቋንቋው፣ መሰኪያው፣ የሶፍትዌር ማሻሻያውስ? ሁለተኛ፣ ዋስትናውን የሚሰጠው ማን ነው፣ አምራቹ ወይስ አስመጪው? በጽሑፍ ይሁን፤ ዕቃ ቢጠፋ እስከ ስንት ቀን እንደሚጠበቅም ይጻፍ። ሦስተኛ፣ የሚጠግነው ጋራዥ የት ነው? መመርመሪያ ኮምፒውተሩን አንድ ዘመድ ሄዶ በዓይኑ ይየው። አራተኛ፣ ቶሎ የሚበላሹና በግጭት የሚሰበሩ ዕቃዎች፣ የፊት መብራት፣ መስታወት፣ የቻርጅ ዕቃው፣ መጋዘን ውስጥ አሉ ወይስ በትዕዛዝ ነው የሚመጡት? አምስተኛ፣ የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ከሻጩ ጋር ዝምድና የሌለው መካኒክ መኪናውን ይመርምረው። እነዚህን ጠይቆ መልስ ያጣ ሰው መልሱን አግኝቷል።

መንግሥትም ድርሻ አለው። የአውሮፓ ኅብረት አምራቾች የጥገና መረጃቸውን ለገለልተኛ ጋራዦች ክፍት እንዲያደርጉ በሕግ ያስገድዳል። እኛም የቀረጥ ቅናሹን ከግዴታ ጋር ማያያዝ እንችላለን፤ ቅናሹን የሚያገኝ አስመጪ መለዋወጫ ያስቀምጥ፣ የመመርመሪያ ሶፍትዌሩን ያስገባ፣ መካኒክ ያሠልጥን። ከነዳጅ ያዳንነው ዶላር በቆመ መኪና ላይ ካለቀ ምኑን አተረፍነው?

ከሁሉ በፊት ግን አጠያየቃችንን እንለውጥ። ‹‹መኪናው እንዴት ነው?›› መልሱ ሁልጊዜ ‹‹ደህና ነው›› የሆነ ጥያቄ ነው። በቅድሚያ ‹‹እማዬ፣ ቢበላሽ የሻጩ ጥፋት እንጂ የእርስዎ አይደለም፣ እኔም አላዝንም›› እንበል። ከዚያ ‹‹ዛሬ ኪሎ ሜትሩ ስንት ላይ ደረሰ? ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ›› እንበል። በወር አንዴ ይበቃል። ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ መኪናውም አልተንቀሳቀሰም። ያንን ቁጥር ከሞዴሉና ከተበላሸው ዕቃ ጋር ለሚቀጥለው ገዢ ካካፈልነው፣ በሚቀጥለው ክርስትና ላይ ‹‹የትኛው ይሻላል?›› ለሚለው ሰው የምንመልሰው ነገር ይኖረናል።