ጭብጨባው ይብቃ፤ ወንበሩ ይለቀቅ!



በየዓመቱ የካቲት 29 የሴቶች ቀን ሲከበር በየአዳራሹ የሚደረገውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በሥራና በኃላፊነት ላይ የቆዩ እናቶችና እኅቶች መድረክ ላይ ይጠራሉ፤ «ልምዳችሁን አካፍሉን» ይባላሉ፤ ይናገራሉ፤ ይጨበጨብላቸዋል። ከዚያስ? ከዚያማ ቡናው ይፈላል፣ አዳራሹ ይጠረጋል፣ የእድራችን ኮሚቴም እንደ ወትሮው የወንዶች ብቻ ሆኖ ይቀጥላል። ልምድ ማካፈል ማለት ይህ ከሆነ ቀልድ ነው። ልምድ የሚካፈለው በሥራ ላይ ነው፤ ሥራው ደግሞ ያለ ሥልጣን አይሠራም።

እስቲ የሚቀርቡብንን ምክንያቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው «ሰው ሲሞት በእኩለ ሌሊት ተነሥቶ ድንኳን ማስተከል ለሴት ይከብዳል» የሚለው ነው። ኧረ ለመሆኑ በዚያ ሌሊት ንፍሮውን የሚቀቅለው፣ እንጀራውን ከየቤቱ የሚያሰባስበው፣ ሐዘንተኛዋን ደግፎ የሚያድረው ማን ነው? በመካከላችን በሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ሆነው ዓመታት ያሳለፉ ነርሶች አሉ። ሞትና ሕይወት የሚለይበትን ሌሊት ሲመሩ ያደሩ ሰዎች ድንኳን ማዘዝ ያቅታቸዋል? ድንኳኑን የሚሸከሙትማ ጎረምሶች ናቸው፤ የእድር ዳኛው አይደለም!

ሁለተኛው «ገንዘብና ንብረት ከባድ ኃላፊነት ነው» የሚለው ነው። የሴቶች እድር እኮ በየሰፈሩ አለ። መዋጮ ይሰበስባሉ፤ ድስቱን፣ ሰሐኑን፣ ብርጭቆውን ቆጥረው ይረከባሉ፤ ቆጥረው ያስረክባሉ። አንድ ሰሐን ቢጎድል ማን ቤት እንደቀረ ሳይጠየቅ አይታለፍም። የዋናው እድር የንብረት መዝገብ በዚህ ዓይነት ቢያዝ ምንኛ በታደልን!

ሦስተኛው «ራሳቸው አይፈልጉም፤ ሲጠቆሙ እምቢ ይላሉ» የሚለው ነው። ይህኛው በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ለምን? ስብሰባው የሚጠራው እሑድ ጠዋት፣ ምሳ በሚጣድበት ሰዓት ነው። መዝገቡ ላይ ያለውም የአባወራው ስም ነው። ሚስት በራሷ ስም የምትጻፈው ባሏ ሲሞት ነው። ድምፅ ለማግኘት መበለት መሆን አለብን ማለት ነው? በመዝገብ ላይ የሌለ ሰውስ እንዴት ሆኖ ይጠቆማል?

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ይላል ተረቱ። ልብ በሉ፤ ሴት አታውቅም አይልም። ብታውቅም ጨራሹ ወንድ ነው ነው የሚለው። የእኛም ነገር እንደዚሁ ሆኗል። ሐሳቡ ማታ ቤት ውስጥ ከሚስት ይወጣል፤ ጠዋት ባል በስብሰባ ላይ ይናገረዋል፤ በቃለ ጉባኤው በእሱ ስም ይሰፍራል።

አገሪቱ ይህን ክርክር ካለፈችው ቆይታለች። ወ/ሮ ስንዱ ገብሩ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን በዳይሬክተርነት ከመሩ በኋላ በ1950 ዓ.ም. ፓርላማ ገብተዋል፤ ሕዝብ የመረጣቸው የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ደንግጓል። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ሆኑ። በዚያው ዓመት ዲፕሎማቷ ወ/ሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት፣ የሕግ ባለሙያዋ ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ ቀድሞ ዳኛ የነበሩት ወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። በመስከረም 2014 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ምክር ቤት ወ/ሮ አዳነች አቤቤን ከንቲባ አድርጎ መረጠ።

ይሁንና ከዚያ አብዛኛው ከላይ የመጣ ሹመት ነው፤ ደግ ነው ብንልም ክፉ ነው ብንል የጠየቀን የለም። የእድር ኮሚቴ ግን የሚመረጠው በእኛው እጅ ነው። እዚህ ሴት ከሌለች ጥፋቱ የመንግሥት አይደለም፤ የእኛው የጎረቤታሞቹ ነው።

ሴት ስለሆነች ብቻ ትመረጥ አላልንም። የማትሠራ ከሆነች ትውረድ፤ ኦዲተሩም እንደ ማንኛውም ሰው ይመርምራት። ስለሆነም በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የሚከተሉት እንዲወሰኑ እንጠይቃለን፦

1. ባልና ሚስት በየስማቸው አባል ሆነው ይመዝገቡ። መዋጮው የቤተሰብ ይሁን፤ ድምፁ ግን የሁለት።
2. የስብሰባው ሰዓት ሴቶችም ተጠይቀው ይወሰን።
3. ከዳኛ፣ ከጸሐፊና ከገንዘብ ያዥ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። «የምግብ ዝግጅት ኃላፊ» እዚህ ውስጥ አይቆጠርም!
4. ተሰናባቹ ኮሚቴ መዝገቡን፣ ደረሰኙንና ቁልፉን በፊርማ አስረክቦ ከአዲሱ ጋር ሦስት ወር አብሮ ይሥራ። ልምድ ማካፈል ይሉሃል ይህ ነው።

የሚቃወም ካለ ጉባኤው ላይ ተነሥቶ ይከራከረን፤ በየአጥሩ ጥግ ማንሾካሾኩ ይቅር።

የካቲት 29 ቀን ያጨበጨበ እጅ በምርጫውም ቀን ይነሣ!

ከሰፈሩ ነዋሪዎች አንዷ