ጂዳ ተወልዶ አዲስ አበባ ላይ «ተመላሽ»

ስለ ስደት ስናወራ ሁለት ቃላት አሉን። ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ የሚኖረውን ወገናችንን «ዲያስፖራ» እንለዋለን። ጂዳ ወይም ሪያድ ሠላሳ ዓመት የኖረውን ግን «ዓረብ አገር ያለ» ነው የምንለው፤ ሲመጣ ደግሞ «ተመላሽ» ይሆናል። ለመጀመሪያው የኢንቨስትመንት ስብሰባ ይጠራለታል፤ ለሁለተኛው ብርድ ልብስና የአውቶቡስ መሳፈሪያ ይሰጠዋል። ሁለቱም ግን ገንዘብ ይልካሉ፣ ሁለቱም ታናናሾቻቸውን ያስተምራሉ፣ የሠፈር መስጂድ ሲሠራም ሁለቱም ያዋጣሉ። እንዲያውም ቆርቆሮው በቤት ሠራተኛ እህቶቻችን ደመወዝ የተገዛ ስንት መስጂድ አለ!

«ተመላሽ» የሚለው ቃል ልጆች ላይ ሲውል ጭራሽ ትርጉም ያጣል። ጂዳ ተወልዶ ጂዳ ያደገ የ14 ዓመት ልጅ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወርድ ወዴት ነው የተመለሰው? አገሩን በዓይኑ ያየው ገና ያን ዕለት ነው።

ስደትን ያጠኑ ምሁራን ይህ ግራ መጋባት አዲስ አይሆንባቸውም። አብደልማሌክ ሳያድ የተባለ አልጄሪያዊ ሶሺዮሎጂስት ዕድሜውን የሰጠው ፈረንሳይ የገቡ የአገሩን ሠራተኞች ለማጥናት ነበር። ከሞተ በኋላ በ1999 የታተመው መጽሐፉ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) ርዕሱ «ድርብ መቅረት» እንደማለት ነው። ስደተኛው ከመንደሩ ቀርቷል፤ በሄደበት አገርም አካሉ ይታያል እንጂ እንደ ሙሉ ሰው አይቆጠርም። በእኛ አነጋገር፣ አሠሪው ጉልበቱን ይቆጥራል፣ አገሩ ሐዋላውን ይቆጥራል፣ ሰውዬውን የሚቆጥረው ይጠፋል። ሳያድ አጥብቆ የተናገረው ሌላም ነገር አለ፤ የስደተኛን ታሪክ ከደረሰበት አገር ብቻ መጀመር ግማሹን መተው ነው፣ ከወጣበት መንደር መጀመር አለበት።

አንድርያስ ቪመርና ኒና ግሊክ ሺለር በ2002 ባወጡት ጽሑፍ ደግሞ ምሁራኑን ራሳቸውን ተችተዋል። ማኅበራዊ ሳይንስ በድንበር የታጠረውን አገር እንደ ተፈጥሮ ነገር አድርጎ ስለሚነሣ፣ ድንበር የተሻገረ ሰው ሁሌ እንደ ችግር ይታየዋል ባይ ናቸው። ትችቱ ትክክል ነው። እኛ ግን አንድ ቅሬታ እንጨምርበታለን። ስለ ስደትና ማንነት በብዛት የተጻፈው ፓሪስን፣ ለንደንን፣ ኒው ዮርክን እያየ ነው። ዋናው ጥያቄም «ስደተኛው ከአገሬው ጋር ይዋሐዳል ወይስ አይዋሐድም?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ የሚሠራው ቢዘገይም ዜጋ የመሆን በር ላለበት አገር ነው። በሩ ለሌለበት የባሕረ ሰላጤው አገር ምን ይጠቅማል? ኔሃ ቮራ በ2013 ባሳተመችው መጽሐፍ ዱባይ ያሉ ሕንዶችን ስታጠና ያገኘችው ይህንኑ ነው፤ ዜግነት ፈጽሞ እንደማያገኙ ያውቃሉ፣ ከተማዋን ግን የኛ ይሏታል። እንዲህ ያለው ኑሮ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ጂዳና ሪያድ ውስጥ በአማርኛም በኦሮምኛም በስልጥኛም የሚኖር ኑሮ ነው።

የኢቃማን ነገር የማያውቅ አንባቢ ካለ ባጭሩ እንንገረው። ሳዑዲ ውስጥ መወለድ ዜግነት አያስገኝም። ነዋሪው የሚቆየው በካፊል፣ ማለትም ኃላፊነቱን በወሰደ አሠሪ ስም ነው፤ የሚስቱና የልጆቹ ኢቃማ ከእርሱ ኢቃማ ጋር ይታሰራል። የአባትየው ሥራ ሲቋረጥ እዚያ የተወለደው ልጅም መቆሚያ ያጣል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ደግሞ በእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 100 ሪያል ክፍያ ተጣለ፤ በየዓመቱ እየጨመረ በ2020 400 ደረሰ። ሚስትና አራት ልጆች ያለው ሰው በወር 2,000፣ በዓመት 24,000 ሪያል ማለት ነው። በሾፌርነት ወይም በጥበቃ ደመወዝ ይህን ማን ይችለዋል? ብዙ አባት ራሱ እዚያ ቀርቶ ቤተሰቡን ወደ አገር ሰደደ። ወታደር ሳይመጣ፣ በር ሳይሰበር፣ በሒሳብ ብቻ ቤተሰብ ተለያየ። በ2021 ሥራ ላይ የዋለው የሥራ ሕግ ማሻሻያ ለአንዳንድ ሠራተኞች ካፊል መቀየርን አቅልሏል፤ የቤት ሠራተኞች ግን ከዚያ ውጭ ተደርገዋል። የእኛ ሴቶች በብዛት ያሉት እዚያ ነው።

ቀድሞ ሙስሊሙ ዓለም ለእንግዳ እንዲህ ጠባብ አልነበረም የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ከፊሉ እውነት ነው። በ1798 ናፖሊዮን ግብፅ ሲገባ ያየውን የመዘገበው ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ካይሮ የተወለደ፣ አባቱ ሸይኽ ሐሰንም የካይሮ ዓሊም የነበሩ ሰው ነው። ቤተሰቡ ከእኛ አካባቢ ከሄደ ብዙ ትውልድ አልፎት ነበር። ያም ሆኖ «አል-ጀበርቲ» መባሉ አልቀረም፤ ስሙም ከካይሮ ሰውነቱ አላጎደለበትም። አል-አዝሀር ውስጥ ከዚህ የሚሄዱ ደረሶች የሚያርፉበት የጀበርቲዎች ሪዋቅ ነበር። ሁለት ቦታ መሆን እንደ ክህደት አይቆጠርም ነበር። ነገር ግን ያ በር የተከፈተው ለዕውቀት ሰው ነው። በዚያው ቀይ ባሕር፣ በዚያው ዘመን፣ ስማቸውን ሳይመርጡ ተሸጠው የተሻገሩ የሐበሻ ልጆች ነበሩ፤ ሕንድ አገር ደርሶ በዴካን የጦር መሪና እንደራሴ የሆነው መሊክ ዐምበርን የመሰሉት ጥቂቶች ናቸው። ያለፈውን ስናነሣ ይህንንም እናንሣ።

ሃይማኖትስ? እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ካሚላ ጊብ የተባለች አንትሮፖሎጂስት ሐረርንና ቶሮንቶ የሚኖሩ ሐረሪዎችን አጥንታለች። ቶሮንቶ ላይ ከሌላ አገር ሙስሊሞች ጋር ሲቀላቀሉ፣ ከከተማቸው ወሊዮች ጋር የተሳሰረው እስልምናቸው እየተለወጠ፣ «ሐረሪ» ከመባል ይልቅ «ሙስሊም» መባል እየጎላ መሄዱን ጽፋለች። የሚገርም አይደለም፤ ካናዳ ውስጥ ከሌላው የሚለይህ እስልምናህ ነው። ጂዳ ላይ ግን ሁሉም ሙስሊም ስለሆነ እስልምና አይለይህም፤ የሚለይህ ፓስፖርትህ ነው። ሶላት ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመህ ትሰግዳለህ፤ ካሰላመትክ በኋላ መንገድ ላይ «ሐበሺ» ነህ። ብዙ ወንድሞቻችን የሚነግሩን ቁስል ይህ ነው። ዋሽንግተን ላይ የሚደርስ መድሎ ሲነገር ይታዘንለታል፤ ቂብላ አጠገብ የሚደርስ መድሎ ግን ለመናገርም ያሳፍራል፤ ዲንን እንደ መንቀፍ የሚቆጥረውም አለ። መስጂድ ውስጥ የታየውን እኩልነትና ቢሮ ውስጥ የተጻፈውን ሕግ መለየት ለዲናችን ክብር ነው ብለን እናምናለን። ካፊልን ሸሪዓ አላመጣውም፤ የዘመኑ መንግሥታት የሥራ አስተዳደር ነው።

በኅዳር 2013 የተጀመረውን አፈሳ የማያስታውስ የለም። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። በ2017 ሌላ ምሕረትና ሌላ አፈሳ መጣ። በ2022 ደግሞ በየማቆያው የነበሩ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎችን ለመመለስ ሥራ ተጀመረ። ዜናው ሁልጊዜ የሚያልቀው ቦሌ ላይ ነው። ከቦሌ በኋላ ያለውን ያየነው በመምህርነት በሠራንባቸው ዓመታት ነው።

ከጂዳ የመጡ ልጆች ክፍላችን ውስጥ ነበሩ። ዓረብኛቸው እንደ ውኃ ይፈስሳል፤ አማርኛ ከእናታቸው ሰምተዋል፤ ፊደል ግን አያውቁም። ስድስተኛ ክፍል መግባት የሚገባው ልጅ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ጋር ጉልበቱን አጥፎ ጠባብ ዴስክ ላይ ይቀመጣል። ትምህርት ቤቱ ሌላ መላ አልነበረውም፤ መላ የፈለገም አልነበረም። ቁርኣን ሲቀራ ተጅዊዱ ኡስታዙን ያስደምማል፤ በእረፍት ሰዓት ጓደኞቹ ያወጡለት ስም ደግሞ «ዓረቡ» ነው። ጂዳ «ሐበሺ»፣ እዚህ «ዓረቡ»። ሳያድ ይህን ልጅ ቢያየው ለመጽሐፉ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም ነበር።

ወደ ዲናችን ምንጭ ስንመለስ፣ ስለ ሐበሻ ሂጅራ የምንተርከው አብዛኛው ስለ መሄዱ ነው፤ ነጃሺ፣ ጀዕፈር፣ የመርየም ሱራ። ስለ መመለሱ ግን ብዙም አናወራም። እነ ጀዕፈር መዲና የደረሱት በኸይበር ዘመቻ ወቅት፣ በሰባተኛው ዓመተ ሂጅራ ነው። ከሁለቱ ሰሒሖች በአንዱ ብቻ ሳይሆን በቡኻሪም በሙስሊምም እንደተዘገበው፣ የጀዕፈር ባለቤት አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ሐፍሳ ዘንድ ሳለች ዑመር (ረ.ዐ) ገቡና ማን እንደሆነች ጠየቁ። ከሐበሻ የመጣችው፣ በባሕር የመጣችው መሆኗን አረጋግጠው፣ በሂጅራ እኛ ቀድመናችኋል፣ ለመልእክተኛው የቀረብነው እኛ ነን አሏት። አስማእ ተቆጣች። እናንተ የተራበውን ከሚያበሉ፣ ያላወቀውን ከሚያስተምሩ ነቢይ ጋር ነበራችሁ፣ እኛ ግን በሩቅና በባዕድ ምድር ነበርን ብላ ጉዳዩን ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አቀረበች። ፍርዱ ለእርሷ ነበር፤ ለዑመርና ለጓደኞቻቸው አንድ ሂጅራ፣ ለመርከቡ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ ተባለ። ከዚያ በኋላ አብረዋት የመጡት ሰዎች ይህን ሐዲስ ከአፏ ለመስማት በቡድን በቡድን እየሆኑ ይመጡ ነበር።

አሁን ከዓረብ አገር የምትመለሰዋን እህት የምንቀበልበትን ጥያቄ አስቡ፤ «ምን ይዘሽ መጣሽ?»

ሌላም አለ። ኡሙ ኻሊድ የምትባለው የኻሊድ ኢብኑ ሰዒድ ልጅ የተወለደችው እዚሁ ሐበሻ ነው። ሕፃን ሳለች መዲና ስትገባ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ያለው ጥቁር ልብስ አለበሷትና ጥለቱን እያሳዩ «ሰናህ» አሏት፤ በሐበሻ ቋንቋ ያማረ ማለት እንደሆነ ዘገባው ራሱ ይነግረናል፤ ለእኛ ጆሮ «ሠናይ»ን ያስታውሳል። አባቷ የቁረይሽ ሰው ነው፤ ዓረብኛ አይቸግራትም ነበር። ቃሉ የመጣላት ግን ከተወለደችበት አገር ቋንቋ ነው። ከእነርሱ አገር ወደ እኛ የመጣውን ልጅ «ዓረቡ» እያልን ስናሾፍበት ይህን ሐዲስ የምናስተምር ሰዎች ነን።

ታዲያ ምን ይሠራ? የሳዑዲን ሕግ እኛ አንለውጠውም፤ የሁለቱ መንግሥታት ድርድር ነው። በእጃችን ያለው ግን ትንሽ አይደለም። መድረሳዎቻችን ዓረብኛ የሚያውቅ ልጅን በሦስት በአራት ወር ፊደል ማስቆጠር ይችላሉ፤ ማንበብ የሚችል ልጅ አዲስ ጽሕፈት ቶሎ ይይዛል፣ ይህን ደጋግመን አይተነዋል። ያው ልጅ ደግሞ ለሌሎቹ ዓረብኛ ቢያስነብብ፣ ክፍሉ ውስጥ የሚያፍርበት ሳይሆን የሚፈለግበት ነገር ይኖረዋል። የወረቀቱ ነገርም አለ። ወላጆቹ ኢቃማ ሳይኖራቸው የተወለደ ልጅ የልደት ማስረጃው አስቸጋሪ ነው። መታወቂያ ሲጠየቅ ደግሞ «ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ አምጣ» ይባላል፤ ከሹመይሲ ማቆያ ምን መሸኛ ይመጣል? እዚህ ላይ ምስክር ሆኖ ወረዳ ድረስ አብሮ የሚሄድ የመስጂድ ኮሚቴ አባል ከብዙ ዳዕዋ የበለጠ ይጠቅማል። መጅሊሱም በየክልሉ መዋቅር ስላለው፣ የተመለሱ ቤተሰቦች የት እንዳሉና ስንት ልጅ እንዳላቸው መመዝገብ ይችላል። ፊደሉ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት በክረምቱ ቢቆጠር ልጁ መስከረም ላይ ከእኩዮቹ ጋር ይቀመጣል።